የሐይቅን ዳር ማጽዳት ባልንጀራን መውደድ ነው

በኦሪት ዘፍጥረት (2፥15) እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት ነው። ተማሪዎች የሐይቅ ዳር ቆሻሻ ሲለቅሙ ይህን ትእዛዝ በእጃቸው ይማሩታል። ለምሳሌ አርዲቦን እንመልከት።

በደቡብ ወሎ የሚገኘው አርዲቦ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ሞልቶ የሚተርፈው ውኃም ወደዚያው ይወርዳል። ስለዚህ በአርዲቦ ዳር የተጣለ ፌስታል በዚያው ላይቀር ይችላል፤ ጎርፍ ይዞት ሌላው ሰው ከብቱን ወደሚያጠጣበት ይወርዳል። ባልንጀራችን አጠገባችን ያለው ብቻ ሳይሆን ከበታቻችን ያለውም ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የምድርንና የድሆችን ጩኸት አብረን እንድንሰማ ያስተማሩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሁለት ነገር እንዲያስቡ እናሳስባለን። አንደኛ፣ የተለቀመው ቆሻሻ ተመልሶ ጎርፍ እንዳይወስደው ማስወገጃው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ ሥራው ለሕፃናት ብቻ አይተው፤ ልጅ ያጸዳውን ወላጅ መልሶ ካቆሸሸው፣ ልጁ የሚከተለው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው።

ለውይይት፦ ከእኛ በታች ያለው ባልንጀራችን ማን ነው? ወደ እርሱስ ምን እንሰድዳለን?