ስሙ ለተሰረቀበት ልጄ

ልጄ፣ በስምህ ክሬዲት ካርድ ያወጣብህ ሰው እስር ቤት ይበስብስ ማለትህን ሰማሁ። መናደድህ ተገቢ ነው። ቢሆንም እዚህ አሜሪካ ብዙ ዓመት እንደኖረ ሽማግሌ የምነግርህ አለኝና አድምጠኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

1. ተበዳዩ አንተ ነህ። ባንኩ ገንዘቡን ስለተካልህ ብቻ ምንም አልጎደለብህም የሚልህን አትስማ። የፌዴራሉ ሕግ የሰው ማንነት መስረቅን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደረገው በ1998 ነው። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ፍርድ ቤት ተበዳዩ ስሙን ለማጥራት ያጠፋውን ጊዜ ዋጋ ጥፋተኛው እንዲክስ ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ የደወልክበትን ቀን፣ ያነጋገርከውን ሰው፣ ከሥራ የቀረህበትን ሰዓት ሁሉ መዝግብ።

2. ጉዳትን በዶላር ብቻ አትለካ። አንድ ሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ የሥራ ባልደረባውን ስም ወስዶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረበት፤ በዚያው ስም አዮዋ ውስጥ ሆስፒታል ተቀጠረ፣ ብድር ወሰደ። የስሙ እውነተኛ ባለቤት በ2019 ሎስ አንጀለስ ባንክ ገብቶ «በስሜ ዕዳ አለ» ብሎ ቢያመለክት የታሰረው እሱ ራሱ ሆነ። 428 ቀን እስር ቤት፣ 147 ቀን የአእምሮ ሆስፒታል ቆየ። ስሜ ይህ ነው ባለ ቁጥር እንደ በሽተኛ ታየ። በመጨረሻ አንድ የፖሊስ መርማሪ በአባቱ የዲኤንኤ ምርመራ እውነቱን አወጣለት። ሌባው በ2025 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዛ የሚል ካለ እኔ አልስማማም። የተወሰደው የአንድ ሰው ነፃነትና ጤነኛ ነህ የመባል መብት ነው።

3. ይሁንና ሁሉንም በአንድ ሚዛን አታስቀምጥ። በ2004 የወጣ ሕግ፣ ሌላ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም የሰው ማንነት በተጠቀመ ሰው ላይ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ይጥላል፤ ዳኛው አይቀንስም፣ ከዋናው ቅጣት ጋር ጎን ለጎን እንዲቆጠርም አይፈቅድም። ይህ ሕግ ኢሊኖይ ውስጥ ብረት ፋብሪካ ለመሥራት ሐሰተኛ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ የያዘ የሜክሲኮ ስደተኛ ላይ ወደቀ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የሌላ ሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2009 ቁጥሩ የእውነተኛ ሰው መሆኑን ማወቁን ዐቃቤ ሕግ ያስረዳ አለ፤ ዘጠኙም ዳኞች በውጤቱ ተስማሙ። ልክ ነበሩ። እንጀራ የሚፈልግና ሰው ሊያራቁት የተነሣ አንድ አይደሉም፤ ሐሳቡን ሳይመረምር የሚቆጥር ቅጣት ፍትሕ አይባልም። የቁጥሩ ባለቤትም ባላገኘው ደሞዝ ግብር ሊጠየቅ እንደሚችል ግን አትርሳ፤ የእሱ እንባ በስደተኛው ችግር አይታበስም።

4. ስለዚህ ወረቀት የሌለው ዘመድ «ሶሻልህን አውሰኝ» ቢልህ እምቢ በል። ይከፋሃል፣ አውቃለሁ። በገንዘብ እርዳው፣ የስደተኛ ጉዳይ ጠበቃ ፈልግለት፤ ቁጥርህን ግን አትስጠው።

5. የሌባው መታሰር ስምህን አያጠራልህም። ሕጉ የጎደለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማጥራቱ ሸክም ባልበደለው ትከሻ ላይ መቅረቱ ትልቅ በደል ነው። እስኪስተካከል ድረስ ራስህ ሩጥ። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አመልክትና የማንነት ስርቆት ሪፖርትህን ያዝ፤ ከማስረጃ ጋር ስታቀርበው የክሬዲት መዝጋቢዎቹ የሐሰቱን ዕዳ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ከመዝገብህ ማገድ አለባቸው። በመዝጋቢዎቹ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ ክሬዲትህን ፍሪዝ አድርግ፣ ማለትም አስዘጋ፤ ከ2018 ወዲህ በነፃ ነው። እንግሊዝኛ የማታነበው እናትህ የመጣላትን ደብዳቤ ሳትከፍት ታስቀምጣለችና፣ በዚህ ሳምንት ከእሷ ጋር ተቀምጠህ የእሷንም አስዘጋላት።