«የላቀ ልምድ» የሚለውን ሰርዢው

ተይ እስኪ ብዕሩን፣ የኔ ሸጋ። ከኋላሽ ቆሜ ስለራስሽ የምትጽፊውን ሳነብ ነበር። «በሙግት የላቀ ልምድ ያላት ጠበቃ» ብለሽ ጀመርሽ? ፈቃድ ካወጣሽ እኮ ገና ዓመት አልሞላሽም! ሰርዢው።

አንደኛ፣ የሠራሽውን ጻፊ። የመውጫ ፈተናውን አልፈሻል፣ ምስለ ችሎት ላይ ተከራክረሻል፣ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ለአቅመ ደካሞች አቤቱታ ጽፈሻል። ይሄ ትንሽ መሰለሽ? ፈቃድሽንም ለይተሽ አስቀምጪ። በአዋጅ 1249/2013 የሚሰጠው የፌዴራሉ ነው፤ ኩታበር ወረዳ ፍርድ ቤት የሚያቆምሽ ግን የክልሉ ነው። ባለጉዳይ ልዩነቱን አያውቅም ብለሽ እንዳታድበሰብሺው።

ሁለተኛ፣ ስምሽን የሚጽፍልሽ መዝገቡ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223 የማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር ይያያዝ ይላል፤ «በኋላ አቀርባለሁ» ማለትን እንዳትለምጂ። የመሬት ጉዳይ ያለባቸው አባት የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ሥር ያወጡልሻል። እዚያው ኮፒ አስደርጊና ዋናውን በሁለት እጅሽ መልሺላቸው፤ በቀጠሮው ቀን ይዘውት እንዲመጡም ንገሪያቸው። ፍርድ የተሰጠበትን ቀን ደግሞ በቀይ አክብቢው። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን ነው፣ ቀን ለማንም አያዝንም።

ሦስተኛ፣ «እናሸንፋለን» አትበይ፣ እቴ። በመጀመሪያ የጥብቅና ዓመቴ አንዲት እናትን «አይዞዎት፣ የኛ ነው» አልኳቸው። ተረታን። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ካልሽ ብዬ በጌን ሸጬ ነበር፣ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምናገረው የጉዳዩን ደካማ ጎን ነው።

አራተኛ፣ አንድ ቦታ አልረጋሁም ብለሽ አትሸማቀቂ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ለሕገ መንግሥት ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆኑ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ በጥቅምት 2011 ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ወንበሩም ማኅበሩም ሁሉም ሥራ ነው። ያለፍሽበትን ሁሉ በየተራው ጻፊው።

በይ አሁን አንብቢው። ግማሽ ገጽ ሆነ? ይሁና! የፍርድ ቤት ግቢ ጠባብ መንደር ነው፣ ሆዴ፤ ያልሠራሽውን ብትጽፊ ከሬጅስትራሩ እስከ ተከራካሪሽ ሳምንት ሳይሞላ ይሰማል። ባዶውን ግማሽ ተይው፣ መዝገቦችሽ ይሞሉታል።

መብራቱን አጥፊና ተኚ ደግሞ። ነገ ቀጠሮሽ ኩታበር አይደል? ከደሴ የሚነሣው መኪና ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ ዳኛው ግን መኪናው እስኪሞላ አይጠብቁሽም።