ምዕራፍ 7፦ ኢንተርኔቱ የተቋረጠው የት ላይ ነው?

ገርጂ ወይም ሰሚት ላይ የቤት ኢንተርኔት ሲጠፋ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ራውተሩን ነቅሎ መሰካት ነው። ካልተመለሰ ደግሞ ይነቅላል፣ ይሰካል። በመጨረሻም «ኔትወርኩ አስቸገረ» ብሎ ይተወዋል። ነቅሎ መሰካቱ ክፋት የለውም፤ መሣሪያው ተጨናንቆ ከሆነ ይፈታዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ከሆነ ግን መቶ ጊዜ ቢነቅሉት ለውጥ አያመጣም። የዚህ ምዕራፍ ትምህርት አንድ ነው፦ ከመጠገን በፊት ብልሽቱ ያለበትን ቦታ ይለዩ። ቦታው ከታወቀ ምን መንካት እንዳለብዎት፣ ምን መንካት እንደሌለብዎት፣ ለማን መደወል እንዳለብዎትም ይታወቃል።

ወደ ቤትዎ የገባው መስመር የትኛው ነው?

አሜሪካ ያሉ ብዙ ዘመዶቻችን ኢንተርኔት የሚያገኙት ከቴሌቪዥን ጋር አብሮ በሚገባ ክብ ጥቁር ኬብል ነው። ስለዚህ አንድ ወንድም ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውሎ «ከግድግዳው የወጣውን ኬብል አጥብቀህ እሰረው» ቢል ምክሩ ለእሱ ቤት ትክክል ነው። በእኛ ከተማ ያለው መስመር ግን ሌላ ነው፤ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የመዳብ የስልክ መስመር ነው። በቀድሞዎቹ የቦሌና የሃያ ሁለት ግቢዎች በብዛት የገባው ይህ ሲሆን፣ ኢንተርኔቱና የመደበኛ ስልኩ ድምፅ በአንድ ጥንድ ሽቦ ይመጣሉ። ሁለተኛው ፋይበር ነው፤ ጫፉ ላይ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ፕላስቲክ ያለው ቀጭን ኬብል ከመሣሪያው ጀርባ ተሰክቶ ያገኙታል። ሦስተኛው ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ውጪ ሁለተኛ ምርጫ ተገኝቷል። አሁን ተነሥተው መሣሪያዎን ይመልከቱና የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ቀጥሎ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መንገዱን ለሦስት ይክፈሉት

ኢንተርኔት ወደ ስልክዎ እስኪደርስ ሦስት ክፍል ያልፋል። አንደኛው ከቴሌ ጣቢያ እስከ ቤትዎ ግድግዳ ያለው የውጭ መስመር ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ራሱ ነው፦ ራውተሩ፣ አዳፕተሩ፣ ሂሳቡና የይለፍ ቃሉ። ሦስተኛው ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ያለው ዋይፋይ ነው። ከራውተሩ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ቆመው ይሞክሩ። እዚያ በደንብ ከሠራና መኝታ ቤት ከጠፋ ችግሩ የዋይፋይ ነው። አጠገቡ ቆመውም ካልሠራ፣ የኔትወርክ ገመድ በላፕቶፕዎና በራውተሩ መካከል ሰክተው ይሞክሩ። በገመድም ካልሠራ ወደ መብራቶቹ ይሂዱ።

መብራቶቹ የሚናገሩት

የፋይበር መሣሪያ ፊት ላይ «ፖን» እና «ሎስ» የተባሉ ሁለት መብራቶች አሉ። ምርመራው የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

ሎስ በቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን መሣሪያው ዘንድ አልደረሰም፣ ወይም በጣም ደክሞ ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የይለፍ ቃል መቀየር፣ ስልክ ማጥፋትና ማብራት፣ ዋይፋይ መርሳትና እንደገና መገናኘት ምንም አይፈይድም። ሎስ ጠፍቶ ፖን ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ብርሃኑ ደርሷል፤ መሣሪያው ግን ጣቢያው ላይ ገና አልተመዘገበም። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካልረጋ ይደውሉ። ፖን በአረንጓዴ ረግቶ ኢንተርኔት ብቻ ከሌለ መስመሩ ደህና ነው። በቅድሚያ ሂሳብዎን ይመልከቱ። ወርኃዊ ክፍያው አልፎ ከሆነ በቴሌብር በአገልግሎት ቁጥርዎ ከፍለው መሣሪያውን አጥፍተው ያብሩት።

ሎስ ቀይ ሲሆን ከመደወልዎ በፊት ኬብሉን ከመሣሪያው ጀርባ ጀምረው እስከ ግድግዳው በዓይንዎ ይከተሉ። ብዙ ቤት ውስጥ ትርፉ ኬብል ተጠምዝዞ ከቡፌው ወይም ከሶፋው ጀርባ ተወርውሮ ይቀመጣል። ሳሎን ሲጸዳ ቡፌው ወደ ግድግዳው ይገፋል፤ ኬብሉም ታጥፎ ይጨፈለቃል። ውስጡ ያለው መስተዋት ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ስምንተኛ ብቻ ነው። ብርሃኑም በውስጡ ተይዞ የሚሄደው መስተዋቱ በጣም እስካልታጠፈ ድረስ ነው፤ አለልክ ሲታጠፍ ብርሃኑ ከመታጠፊያው ላይ ሾልኮ ይወጣል። ልኩን ለማስታወስ፣ ከቡና ሲኒ አፍ በጠበበ ክብ አይጠምዝዙት። ቡፌውን ሳብ አድርገው ኬብሉን ቀስ ብለው ያላሉና ሰፋ ባለ ክብ ያስቀምጡት። ብዙ ጊዜ ቀዩ መብራት በዚህ ብቻ ይጠፋል።

አረንጓዴውን ጫፍ ነቅለው በጣት ወይም በልብስ አይጥረጉ፤ ላብና አቧራ ብርሃኑን ይጋርዳሉ። ወደ ጫፉም በዓይንዎ አይመልከቱ። ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ነው፤ ስላልታየዎት የለም ብለው አይዘናጉ።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ጎረቤት ይጠይቁ። ከጣቢያው የሚወጣ አንድ ፋይበር መንገድ ላይ ተከፋፍሎ እስከ 32 ወይም 64 ቤት ሊያገለግል ይችላል። የጎረቤትዎም ሎስ ቀይ ከሆነ የተቆረጠው የጋራው መስመር ነው። ከተማችን በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ከጀመረች ወዲህ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ እንዳለው ያሉ መንገዶች ሲቆፈሩ የመብራት፣ የውሃና የቴሌ መስመሮችም አብረው ተነክተዋል። ሠፈርዎ ውስጥ ቁፋሮ ካለ ሲደውሉ ይህንንም ይናገሩ። የጎረቤትዎ ደህና ሆኖ የእርስዎ ብቻ ከጠፋ ብልሽቱ ወደ እርስዎ ቤት በሚገባው ኬብል ላይ ነው።

በመዳብ መስመር

እዚህ መመርመሪያው መደበኛ ስልኩ ነው። እጀታውን አንሥተው ያዳምጡ። ድምፅ ከሌለ መስመሩ ተቆርጧል። የሚንጫጫ ከሆነ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ዝጓል ወይም ውሃ ገብቶበታል፤ ክረምት ላይ ኢንተርኔቱ እየመጣ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ ስፕሊተሩን ይፈትሹ። ስፕሊተር የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የምትለይ ትንሽ ሳጥን ናት። ቤት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ስልክ በእሷ በኩል ካላለፈ እርስ በርሳቸው ይረባበሻሉ። ራውተሩን ብቻውን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝተው ይሞክሩ። ከተስተካከለ ጥፋቱ የስፕሊተሩ ወይም ወደ ሌላ ክፍል የተዘረጋው ቅጥያ ሽቦ ነው። በመዳብ ላይ ርቀት ፍጥነትን እንደሚቀንስም ይወቁ። ከጣቢያው ብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት ራውተር ቢቀይርም ፍጥነት አይጨምርም። ፋይበር ሠፈርዎ ከደረሰ መቀየሩ ይሻላል።

በዋይፋይ

በሲኤምሲ፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። ስልክዎ ላይ የዋይፋይ ዝርዝር ቢከፍቱ የጎረቤቶችዎን ስሞች ተደርድረው ያገኛሉ። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ሁሉም እዚያው ይጋፋል። ራውተርዎ 5 ጊጋኸርትዝ ካለው ለቴሌቪዥኑና ለላፕቶፑ እሱን ይጠቀሙ፤ ፈጣን ነው። ግን ብሎኬትና ኮንክሪት ቶሎ ያደክመዋል፤ ሩቅ ላለው ክፍል 2.4 ይሻላል።

ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ከቡፌው ውስጥ ያውጡት። ቤቱ መሐል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያድርጉት። ትልቅ መስታወት፣ ፍሪጅና የውሃ ሮቶ ምልክቱን ስለሚከለክሉ በመካከል አይሁኑ። ፍጥነት ሲለኩም «የ10 ሜጋ» አገልግሎት ማለት 10 ሜጋ ቢት እንደሆነ ያስታውሱ። ፋይል ሲያወርዱ በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት አካባቢ ካገኙ የከፈሉበትን አግኝተዋል።

የሲም ራውተር ላላቸው ምክሩ አጭር ነው፦ በመስኮት አጠገብ፣ ምልክቱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ያስቀምጡት፤ በተለያዩ መስኮቶች እየሞከሩ ፍጥነቱን ይለኩ። አንድ ክፍል መቀየር ብቻ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

መብራት ሲጠፋ

ከጣቢያ እስከ ቤትዎ ያለው የፋይበር መስመር ማከፋፈያው ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ስለዚህ ሠፈሩ ጨልሞም መሣሪያዎ ኃይል ካገኘ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። ለዚህ የሚሆን አነስተኛ ባትሪ ገበያ ላይ አለ። ሲገዙ የራውተርዎን አዳፕተር ጽሑፍ ያንብቡ፤ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሠፈር ራውተሩን ከፍሪጅ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሰኩት። በራሱ እየጠፋ የሚበራ ራውተርም ብዙ ጊዜ የደከመ አዳፕተር ምልክት ነው፤ መሣሪያውን ከመቀየር በፊት አዳፕተሩን ይቀይሩ።

ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ሲደውሉ

ከመደወልዎ በፊት አራት ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ የአገልግሎት ቁጥርዎን፣ የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደሚበራ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተቋረጠ፣ የጎረቤትዎ መሥራት አለመሥራቱን። «ዋይፋይ አይሠራም» ከማለት «ሎስ ቀይ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ፣ ጎረቤቴም እንዲሁ» ማለት ጉዳይዎን በቀጥታ ወደ መስመር ጥገና ይወስደዋል። የአቤቱታ ቁጥሩን ይቀበሉ። በመርፌ የሚነካውን የሪሴት ቀዳዳ ግን ባለሙያ ሳያዝዎ አይጫኑ፤ ለመገናኘት የተሞላው መረጃ ሊጠፋና ትንሹ ችግር ሁለት ሊሆን ይችላል።

ቴክኒሻኑ ጠግኖ ሲጨርስ ከመሄዱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «የሚደርሰኝ ብርሃን ስንት ዲቢኤም ነው?» በተለመደው የፋይበር መሣሪያ ከነጌቲቭ 8 እስከ ነጌቲቭ 27 ያለው ተቀባይነት አለው፤ ወደ 27 ሲጠጋ ግን መጠባበቂያ የለውም። ቁጥሩንና ቀኑን ጽፈው ራውተሩ ሥር ይለጥፉት። ወደፊት ቁጥሩ በ3 ከወረደ የሚደርስዎት ብርሃን በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው፤ ጨርሶ እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ይደውሉ።