ከወጥ ቤት ሲንክ ስር የትኛው ጣውላ ይግባ? «እርጥበት ተከላካይ» የሚለው ቃል ትርጉም

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስን የመታው የበረዶ ማዕበል በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ የሙቀት መጠኑን ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አውርዶት ነበር። መብራት በጠፋባቸው ቀናት ቤቶች ቀዘቀዙ፤ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፉ የውሃ ቧንቧዎች በረዶ ሠርተው ፈነዱ። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ከሚጋለጡት ቦታዎች አንዱ ከወጥ ቤት ሲንክ በታች ያለው ካቢኔት ነው። ሲንኩ ብዙውን ጊዜ በመስኮት ስር፣ በውጭው ግድግዳ ላይ ይተከላል፤ የካቢኔቱ በር ሲዘጋ ደግሞ የቤቱ ሙቀት ወደ ቧንቧው አይደርስም። ብርድ ሲጠነክር በሩ ተከፍቶ ይደር የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ጉዳቱ ግን ማዕበል አይጠብቅም። ከሲፎኑ ማያያዣ በቀን ጥቂት ጠብታ የሚያንጠባጥብ ውሃ በወራት ውስጥ ያንኑ ያደርሳል። የዳላስ አካባቢ አፈርም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የኢትዮጵያ ገበሬ ዋልካ ወይም መረሬ ከሚለው ጥቁር አፈር ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያረፈውን ቤትና የቧንቧ መስመር ያንቀሳቅሳል።

የካቢኔቱ ወለል እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሲገኝ የቤቱ ባለቤት ወደ እንጨት መደብር ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀው ጥያቄ ከሚመስለው የከበደ ነው፤ በተሳሳተ ጣውላ የተደረገ ጥገና በሚቀጥለው ፍሳሽ እንደገና ይፈርሳልና።

አብዛኛው ርካሽ ካቢኔት የሚሠራው በኢትዮጵያ ገበያ ቺፕውድ ከሚባለው ጣውላ ነው። ፍቅፋቂ እንጨትና ሰጋቱራ ከሙጫ ጋር ተደባልቆ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይጨመቃል። የተለመደው ሙጫ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ነው፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ነገር ግን ውሃ፣ በተለይም ሙቅ ውሃ፣ ትስስሩን ይፈታዋል። ጣውላው ሲርስ ሁለት ነገሮች አብረው ይከሰታሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም እንጨት እንደሚያደርገው ቅንጣቶቹ ውሃ መጥጠው ያብጣሉ። ሁለተኛ፣ በፋብሪካው መጭመቂያ ተጨፍልቀው የነበሩት ቅንጣቶች ሙጫው ሲላላ ወደ ቀድሞ መጠናቸው ይዘረጋሉ። የመጀመሪያው እብጠት ሲደርቅ በአብዛኛው ይመለሳል፤ ሁለተኛው አይመለስም። ያበጠ ቺፕውድን በማራገቢያ አድርቆ ለማዳን መሞከር ከንቱ ድካም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የሚሠራው ኤምዲኤፍም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ነጩ የሜላሚን ሽፋን ፊቱን ይጠብቃል እንጂ የተቆረጠውን ጠርዝና ለቧንቧ የተበሳውን ቀዳዳ አይጠብቅም፤ ውሃ ደግሞ የሚገባው በዚያ ነው።

«እርጥበት ተከላካይ» የሚባለው ጣውላ በሙጫው ላይ ሜላሚን፣ በቅንጣቶቹ ላይ ሰም የተጨመረበት ነው። ብዙዎቹ አምራቾች እንዲለይ ውስጡን አረንጓዴ ቀለም ይነክሩታል፤ ቀለሙ ግን ምልክት ነው፣ ጥንካሬ አይጨምርም። የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 312 ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ለእርጥብ ስፍራ የሚሆነው ፒ 5 የተባለው ዓይነት ናሙናው 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ውፍረቱ ይለካል፤ 18 ሚሊሜትር የሆነው እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም 1.8 ሚሊሜትር ቢያብጥ ፈተናውን አልፏል ይባላል። «እርጥብ ስፍራ» ሲባልም የአየሩ እርጥበት በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከ85 በመቶ የሚያልፍበት ክፍል ማለት ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ አየር እንጂ ስለሚፈስ ውሃ አይደለም። መደብሮች ይህን ልዩነት ለገዢው ቢነግሩት መልካም ነበር።

ለሲንክ ስር የተሻለው ምርጫ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም ፕላይዉድ ነው። ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ አቅጣጫቸው እየተጠላለፈ ስለሚጣበቁ አንዱ የሌላውን እብጠት ይገታል፤ ሙጫው ጥሩ ከሆነ ከርጥበት በኋላ ደርቆ ቅርጹን ይይዛል። ቁልፉ ያለው በሙጫው ነው። በአሜሪካ የካቢኔት ፕላይዉድ «ታይፕ 1» ከሆነ ሙጫው ውሃን ሙሉ በሙሉ ይቋቋማል፤ ለቤት ውስጥ ዕቃ የተለመደው «ታይፕ 2» ከዚያ ያነሰ ነው። በግንባታ ፕላይዉድ ላይ «ኤክስቲሪየር» እና «ኤክስፖዠር 1» የሚሉ ማህተሞች ይገኛሉ፤ ሁለተኛው በግንባታ ወቅት የሚያገኘውን ዝናብ እንዲችል እንጂ ዘወትር እንዲርስ አልተሠራም። ለጀልባ የሚሠራው ውድ ፕላይዉድ ለዚህ ሥራ ትርፍ ወጪ ነው። 91 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ካቢኔት 61 በ122 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 19 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ይበቃል፤ ቁራጩ ትንሽ በመሆኑም በርካሹና በጥሩው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ያን ያህል አይከብድም። የፒቪሲ ጣውላ ውሃ ጨርሶ አይጠጣም፤ ነገር ግን ብሎን አጥብቆ አይዝም፣ ከስሩ ድጋፍ ካልተደረገለትም በሳሙናና በበረኪና ጠርሙሶች ክብደት ይጎብጣል።

ሌላው ጉዳይ የሚተነፈሰው አየር ነው። ፎርማልዴሃይድን የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ተፈናቃዮች የሰፈሩባቸው ተጎታች ቤቶች ሲመረመሩ ጋዙ ከፍ ብሎ መገኘቱ ብዙ ክርክር አስነሳ፤ በ2010 የጸደቀው የፌዴራል ሕግም ለፕላይዉድ 0.05፣ ለቺፕውድ 0.09፣ ለኤምዲኤፍ 0.11 ፒፒኤም ጣሪያ አስቀመጠ። ጣውላው ላይ «ቲኤስሲኤ ታይትል 6» የሚል ምልክት መፈለግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፍሳሹ መቆም፣ ቦታውም መድረቅ አለበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንዲደርቅ ይመክራል፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ሊበቅል ይችላል። እርጥብ ግድግዳን በአዲስ ጣውላ መሸፈን ሻጋታውን መሸሸግ ነው። ተከራይ ደግሞ በራሱ ገንዘብ ከመጠገኑ በፊት ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የቴክሳስ ሕግ የተከራይን ጤና ወይም ደኅንነት የሚነካ ብልሽትን የመጠገን ግዴታ በአከራዩ ላይ ይጥላል፤ ተከራዩ ያልከፈለው ኪራይ ግን ሊኖርበት አይገባም።

ጣውላው ከመግባቱ በፊት አራቱም ጠርዞችና የቧንቧ ቀዳዳዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ በፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ይቀባሉ፤ የታችኛው ፊትም እንዲሁ፣ አናጺዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት እሱን ነውና። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር በሲሊኮን ይዘጋል። በኮላ ከማጣበቅ ይልቅ በአራት ብሎን ብቻ ማሰሩ ይመረጣል፤ ቀጣዩ ፍሳሽ በመጣ ቀን ብሎኖቹ ተፈትተው ከስር ያለው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታያል።