የአባቶች መቃብርና የልጆች አደራ

ኦሪት ዘፍጥረትን ስናነብ ስለ መቃብር የሚናገረውን ክፍል ብዙዎቻችን በችኮላ እናልፈዋለን። ነገር ግን መጽሐፉ ለዚህ ጉዳይ ሰፊ ቦታ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው በሣራ ሞት ነው (ዘፍ. 23)። ሣራ በ127 ዓመቷ በኬብሮን ስታርፍ፥ አብርሃም የምድሪቱ ተስፋ ቢሰጠውም ሚስቱን የሚቀብርባት ጋት መሬት አልነበረውም። ኬጢያዊው ኤፍሮን እርሻውን ከነዋሻው በስጦታ ሊሰጠው ቢልም አብርሃም አልተቀበለም። በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ የመክፌላን ዋሻ ገዛ። እንግዲህ አብርሃም በተስፋይቱ ምድር በገንዘቡ የገዛው ርስት መቃብር ነበር። እርሱም ባረፈ ጊዜ ተለያይተው የኖሩት ይስሐቅና እስማኤል በአንድነት በዚያው ቀበሩት (ዘፍ. 25፥9)። ይስሐቅና ርብቃ፥ ልያም በዚያ ተቀበሩ።

ያዕቆብ ግን ያረጀው በግብፅ ነው። በዚያ 17 ዓመት ሲኖር ቤተ ሰቡ በጌሤም መልካም መሬት አግኝቶ፥ እህል ጠግቦ፥ ልጁ ዮሴፍም በሥልጣን ላይ ነበር። ሆኖም የሞቱ ቀን ሲቀርብ በግብፅ እንዳይቀብረው ዮሴፍን አስማለው (ዘፍ. 47፥29-31)። ለምን ይሆን? ልጆቹ ጥጋቡን አይተው እንግድነታቸውን እንዳይረሱ ነው ብለን እናምናለን። የአባት መቃብር ባለበት ልብ ይመለሳልና።

የዮሴፍ ኑዛዜ ከአባቱ ይለያል። በ110 ዓመቱ ሲሞት ዛሬውኑ ውሰዱኝ አላለም፤ እግዚአብሔር በጎበኛቸው ጊዜ አጥንቱን ይዘው እንዲወጡ አስማላቸው (ዘፍ. 50፥25)። ሬሳው በሣጥን ሆኖ በግብፅ ቆየ። የማሉት ወንድሞቹ አለፉ፤ ዮሴፍን የማያውቅ ንጉሥ ተነሣ፤ ልጆቻቸውም ባሮች ሆኑ። አደራው ግን አልጠፋም። ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ የዮሴፍን አጥንት ያዘ (ዘጸ. 13፥19)። ከ40 ዓመት የምድረ በዳ ጉዞ በኋላም፥ ያዕቆብ ከኤሞር ልጆች በገዛው የሴኬም እርሻ ተቀበረ (ኢያ. 24፥32)። ልብ እንበል፤ አደራውን የፈጸሙት ፊቱን አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው!

ታዲያ ከአባቶቹ መቃብር ርቆ የተቀበረ ሰው ተረሳ ማለት ነውን? አይደለም። ራሔል የተቀበረችው በኤፍራታ መንገድ ዳር ነው። የሙሴን መቃብር እስከ ዛሬ የሚያውቀው የለም (ዘዳ. 34፥6)፤ ነገር ግን ከእርሱ ይልቅ እግዚአብሔር የሚያውቀው ማን ነበር? በመካከላችን ልጆቻቸው በጦር ሜዳ ወይም በስደት ወድቀው መቃብራቸውን የማያውቁ እናቶች አሉ። ለእነርሱ ስለ መክፌላ ከመናገራችን በፊት ስለ ሙሴ እንንገራቸው። አፈሩ አያድንም፤ የሚያድነው ተስፋውን የሰጠው አምላክ ነው።

እኛ ወጣቶች ከዚህ ምን እንማር? ሽማግሌዎቻችን ስለ ሞታቸው መናገር ሲጀምሩ «ኧረ ይህን አያንሡብን» ብለን አፋቸውን አንዝጋ። ዮሴፍ ከአባቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰምቷል። አያቶቻችን የት መቀበር እንደሚሹ፥ ለማን ምን አደራ እንዳላቸው፥ ከማን ጋር መታረቅ እንደሚፈልጉ በአክብሮት እንጠይቃቸው። የምንችለውን ቃል እንግባ፤ የማንችለውን ደግሞ በግልጽ እንንገራቸው። የገባነውንም ቃል የሚጠይቀን ሰው ባይኖር እንኳ እንፈጽም። የሞተ ሰው አደራውን መጠየቅ አይችልምና።

አደራ ጠባቂዎች እንድንሆን እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።