ጸደይ መቼ ነው?

(የፋሲካ ማግስት፣ ማዕዶት ሰኞ ጠዋት፣ ሽሮ ሜዳ። አያት ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ለበዓሉ ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣው የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል። መኮትኮቻው ለጊዜው በአያት እጅ ነው።)

ልጅ፦ እንደምን አደሩ አባባ? ጓደኞቼ ነገ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ቢፈቅዱልኝ…

አያት፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐዋሳ ምን አለ?

ልጅ፦ ሐይቁ አለ፣ ዓሣው አለ። ዕረፍት ላይ አይደለሁ? እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?

አያት፦ ደግ ጠየቅህ። እነዚያን የጽጌረዳ ቁራጮች አቀብለኝ። አየህ፣ ከታች በኩል ከአንጓው ሥር ቀጥ አድርገህ ትቆርጣለህ፤ ከላይ በኩል ሰያፍ። ሰያፉ የዝናብ ውኃ እንዳይቋጥር ነው፤ ደግሞም ላይና ታቹ እንዳይጠፋህ። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ትቀብራለህ። ይህን በጥር ብታደርገው ይደርቅብሃል፣ በነሐሴ ብታደርገው ይበሰብስብሃል። አሁን ነው ወቅቱ፤ ጸደይ ነው።

ልጅ፦ ጸደይ? ጸደይ እኮ መስከረም ነው፤ አደይ አበባ ሲፈካ።

(ይህችን ባይናገር ኖሮ ሐዋሳም ይሄድ ነበር፣ ይህም ጽሑፍ አይኖርም ነበር።)

አያት፦ ማን ነው እንዲህ ያለህ?

ልጅ፦ ሁሉም ሰው ነዋ። ዘፈኑም፣ ቴሌቪዥኑም።

አያት፦ በ1956 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ፈተና ላይ «የጸደይ ወራት የትኞቹ ናቸው?» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ባሕረ ሐሳብን ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ፣ ስሙን አልጠራም፣ በቀይ ቀለም ሰረዘው። እንዲያው ቢሰርዘው ደግ፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ነው የሰረዘው! ከጎኑ «መስከረም» ብሎ ጻፈበት። በዚያች አንዲት ነጥብ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ ለወጣ የሚሸለመው ብዕር ነበር፤ ክዳኑ ወርቅማ፣ ቀለሙን ራሱ የሚስብ። የተሸለመው ልጅ ደግሞ ከእኔው ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ዓመቱን ሙሉ ሲጽፍበት አየሁ። ቀለሙ ደብተሩ ላይ ሲንጠባጠብበት ደስ ይለኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ልጅ፦ ከዚያስ?

አያት፦ ከዚያማ ተማርኩ፣ ተቀጠርኩ፣ አያትህን አገባሁ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ጡረታ ወጣሁ። ብዕሩ ግን የእኔ ነበር።

ልጅ፦ ምናልባት መምህሩም እንደዚያው ተምሮ ይሆናል።

አያት፦ እሱን ነው የምልህ! አባቶች ዓመቱን በአራት ከፍለውታል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ከዚያ ጸደይ። እንግዲህ እንቁጣጣሽ ብለህ አበባ ይዘህ ስትዞር በሒሳብ ገና ክረምት ውስጥ ነህ። ዘመነ ጽጌ እንኳ የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ እሱም መፀው ነው። በፈረንጅ አገር ብርዱ ሲያልፍ አበባ የሚመጣበት ወቅት አለ። አንዱ ተርጓሚ የእኛን አበባ መስከረም ላይ አየና ጸደይን ከሚያዝያ ነቅሎ እዚያ ተከለው፤ እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። መፀው የሚባለውንማ ማንም አላስታወሰው፤ ሜዳ ላይ ቀረ።

ፋሲካን ውሰድ። ታችኛው ቀመር መጋቢት 26፣ ላይኛው ቀመር ሚያዝያ 30 ነው፤ ከዚያ አይወርድም፣ ከዚህ አይወጣም። ካቻምና ሚያዝያ 27 ዋለ፣ አምና ሚያዝያ 12፣ ዘንድሮ ሚያዝያ 4። ጸደይ የሚገባበት ዕለትና ፋሲካ ሊውል የሚችልበት የመጀመሪያው ዕለት አንድ ቀን ነው! ፋሲካ ከጸደይ ወጥቶ አያውቅም። ገበሬው በዚህ ጊዜ ለበቆሎና ለማሽላ መሬቱን ይገለብጣል። አንተ በዚህ ወቅት ለዕረፍት መጣህና «ምን እሠራለሁ» ትለኛለህ።

(ልጁ እዚህ ላይ ስልኩን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ አጎንብሶ አፈሩን መጫር ያዘ። አያት አላዩትም።)

እዚያ ከዛፉ ራቅ ብሎ ያለውን ጣሳ ተመልከት። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ አፉም ቂጡም እኩል ስፋት ያለው መርጬ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማስመሪያ እከትበታለሁ። 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ካገኘሁ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። የጸሎተ ሐሙስ ሌሊት 7 ነበር። የጎመኑ መደብ 6 ካሬ ሜትር ነው፤ በል አባዛው፣ 42 ሊትር። ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል፣ ያለ ሸክም! ከጡረታ ወዲህ ያለውን ሁሉ ደብተር ላይ አስፍሬዋለሁ። ካርታ ተጫወት ይሉኛል ጓደኞቼ።

ያ ቆርቆሮው ላይ የቆመው ቁራ ደግሞ ትናንት የጣልነውን አጥንት ፍለጋ ነው የመጣው። ምንቃሩን አየኸው? መጥረቢያ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ አለበት። ይህ ዓይነቱ ከአፍሪካ ቀንድ ሌላ የትም የለም። ፈረንጅ እሱን ለማየት ትኬት ቆርጦ ይመጣል፤ አንተ ሐዋሳ ትሄዳለህ።

ልጅ፦ ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ቁራ ሳይ ልክረም?

አያት፦ ነገ ቶማስ ነው፤ መደብ ታወጣልኛለህ። ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፤ እነሱንም አስቤባቸዋለሁ። ቅዳሜ ለአያትህ ሽንኩርት ትከትፋለህ፤ ለዳግም ትንሣኤ ዶሮ አለ። አሥራ ሁለቱን ብልት ታውቃለህ?

ልጅ፦ ፈረሰኛ… መላላጫ… ክንፍ…

አያት፦ ሦስት። ዩኒቨርሲቲ ስንተኛ ዓመትህ ነው?

ልጅ፦ ሦስተኛ። አባባ፣ ጽጌረዳውን ተክዬ ጨርሻለሁ።

አያት፦ መቼ?

ልጅ፦ የፋሲካውን ቀመር ሲነግሩኝ።

አያት፦ እስቲ ልየው። ይህቺ… ሰያፉ የታለ?

ልጅ፦ አፈር ውስጥ ነው። ሹል ስለሆነ በቀላሉ ገባልኝ።

አያት፦ ንቀላት።

ልጅ፦ ሁሉንም?