አቤሜሌክ ማለት ምን ማለት ነው?

በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 ሲነበብ ከተማሪዎቻችሁ አንዱ «ይህ ሰው ሣራን የወሰዳት ንጉሥ አይደለምን?» ብሎ ሳይጠይቃችሁ አልቀረም። ተማሪው አይወቀስም። የጌራራው ንጉሥ አቢሜሌክ (ዘፍ. 20) እና ነቢዩን ከጕድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በዕብራይስጥ ግን ስሞቹ እጅግ የተራራቁ ናቸው።

የንጉሡ ስም ከ«አቢ» (አባቴ) እና ከ«ሜሌክ» (ንጉሥ) የተገኘ ሆኖ «አባቴ ንጉሥ ነው» ማለት ነው። የኢትዮጵያዊው ስም ግን «ዔቤድ ሜሌክ» ነው። «ዔቤድ» ባርያ ወይም አገልጋይ ስለ ሆነ፣ ትርጕሙ «የንጉሥ አገልጋይ» ይሆናል። ይኸው ሥር በነቢዩ አብድዩ ስም ውስጥ አለ፤ ዐረቦችም «ዐብድ» የሚሉት ከዚሁ ነው። እኛ በግእዝ አገልጋይን «ገብር» ስለምንል ይህ የስሙ ክፍል እንግዳ ሆኖብን ቀረ እንጂ፣ «ሜሌክ» እንኳ «መለከ» እና «አምላክ» ከምንለው ጋር ዘመድ ነው። ጥንታዊው የግሪክ ትርጕም «አብዴሜሌክ» ብሎ «ድ»ን ጠብቆ ነበር። 66 ዓመት እንደ ተኛ የሚተርከው የተረፈ ባሮክ መጽሐፍ ግን፣ በግሪክኛው «አቢሜሌክ» ይለዋል። እንዲህ «ድ» ስትወድቅ አገልጋዩ ሳያስበው የንጉሥ ልጅ ሆኖ አረፈው!

ደግሞስ ይህ የተጸውዖ ስም ነው ወይስ የሹመት መጠሪያ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን በቴል ኤን ናስቤህ የተገኘ ማኅተም ባለቤቱን ያእዛንያን «የንጉሡ አገልጋይ» ይለዋልና፣ መጠሪያው በይሁዳ ቤተ መንግሥት የታወቀ ነበር። ነገር ግን ማኅተሙ «ንጉሡ» ብሎ ለይቶ ሲጽፍ፣ ኤርምያስ ያለ መለያው ይጽፋል። ስለዚህ እኔ ስም ነው ወደሚሉት አደላለሁ፤ ምናልባት በባዕድ አገር የተሰጠው ስም ነው። ዕብራይስጡ «ኩሻዊ» ይለዋል፤ የያኔው ኩሽ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የዓባይ ሸለቆ ምድር ስለ ነበረ፣ በዛሬው ድንበር ብቻ ለክተን የእኛ ነው ብለን እንዳንኵራራ ይገባል።

ለማስተማር የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ኤርምያስን ለሞት የፈለጉት አራቱ መኳንንት ከነአባታቸው ስም ተጽፈዋል (38፥1)፤ የዚህ ጃንደረባ አባት አልተጠቀሰም። ንጉሡ ሴዴቅያስ በመኳንንቱ ፊት አቅም እንደሌለው ሲናገር፣ አገልጋዩ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ ስለ ነቢዩ ለመነው። ገመዱም ብብቱን እንዳይቈርጠው አሮጌ ጨርቅ አስቀድሞ ወረወረለት። ከተማይቱ ስትወድቅ ንጉሡ ዓይኖቹ ጠፍተው በሰንሰለት ወደ ባቢሎን ተወሰደ። ለአቤሜሌክ ግን ነፍሱ እንደምትተርፍ ተነገረው፤ ለዚህም የተሰጠው ምክንያት ንጉሡን ማገልገሉ ሳይሆን በእግዚአብሔር መታመኑ ነው (39፥15-18)።